ልጃችን አንዳንድ ቀን በእግሯ፣ አንዳንድ ቀን በወንበር የምትሄድበት ምክንያት

(በእድራችን የ2017 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንዲህ ባለ ጉባኤ ፊት ቆሞ መናገር ልማዳችን አይደለም። ጥሩምባ ሲነፋ እንወጣለን፣ ድንኳን ሲተከል ካስማ እንይዛለን፣ ወርኃዊ መዋጮአችንን በጊዜው እንከፍላለን፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ተናግረን አናውቅም። ዛሬ የተነሣነው ጥያቄ ስለ ተነሣብን ነው። ጥያቄውን ያነሣችሁትን አንቀየምም። በየበሩ ከመንሾካሾክ ለኮሚቴው ማቅረባችሁ ደግ ሥራ ነው፤ እኛም መልስ የምንሰጥበት ቦታ አገኘን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደምታስታውሱት በ2016 ዓ.ም. ጉባኤ ላይ ለልጃችን ተሽከርካሪ ወንበር መግዣ እያንዳንዱ አባል 100 ብር እንዲያዋጣ ተወስኖ፣ ከ164 አባሎች 16,400 ብር ተሰብስቦ ተሰጥቶናል። ወንበሩም ተገዛ፤ ልጅቱም በወንበሩ ስትገፋ ታየች። ይሁንና ባለፈው ኅዳር፣ አንዲት ጎረቤታችን ባረፉ ጊዜ፣ ይህችው ልጅ በልቅሶው ድንኳን ውስጥ በእግሯ ወዲያ ወዲህ እያለች ንፍሮ ስታዞር ታየች። ሁለት ቀን ሳይቆይ ደግሞ በወንበሯ ተቀምጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታየች። «እንዴ! ይቺ ልጅ ትሄዳለች አይደል? ታዲያ ወንበሩ ለምንድን ነው?» ተባለ። ከዚህ የባሰም የተባለ አለ፤ እሱን እዚህ አንደግመውም። ልጅቱ ግን ሰምታዋለች።

እንግዲህ መልሱን ከሥሩ እንጀምር።

እኛም እንደ ብዙ ሰው ቁርጥማት የሽማግሌና የባልቴት በሽታ ይመስለን ነበር። በ2011 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ልጃችን የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ጧት ከመኝታዋ ስትነሣ ጉልበቷ አልዘረጋ እያለ ግድግዳ ይዛ ትንፏቀቃለች። ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ሲሞቃት፣ ትፍታታና ውጪ ወጥታ ትጫወታለች። ማታ ደኅና ሆና ትተኛለች፤ ሲነጋ እንደገና ያው ነው። «ትምህርት ቤት ላለመሄድ ታስመስላለች» ብለን የተቆጣንበት ቀን አለ። ከሁለታችን የትኛችን እንደ ተቆጣን አንናገርም፤ እኛው እናውቀዋለን።

ጉልበቷ ሲያብጥ ወድቃ ይሆናል ብለን ወጌሻ ዘንድ ወሰድናት። ሰውየው ለወለምታና ለውልቃት የታወቁ ናቸው፣ እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥም ያዳኗቸው አሉ። ይሁን እንጂ የኛ ልጅ ነገር ወለምታ አልነበረም፤ የታሸው ጉልበት በማግሥቱ ጋለ፣ ይብስም አበጠ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። እነሱ በበኩላቸው የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የሚመጣውን፣ ልብን የሚጎዳውን የሩማቲክ ትኩሳት ጠረጠሩ። መጠርጠራቸው ትክክል ነው፤ በአገራችን ብዙ ልጅ የሚጎዳው እሱ ነውና አስቀድሞ መመርመር አለበት። የሷ ግን ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ዘልሎ የሚያልፍ ሳይሆን፣ በያዘው ቦታ የሚከርም ሆነ። ሁለቱ ጉልበቶቿ፣ ቁርጭምጭሚቷ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ሁለቱም የእጅ አንጓዎቿ። ይህችን የእጅ አንጓ ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በመጨረሻ ስሙን የነገሩን የልጆች ሐኪሞች ናቸው። ዕድሜው 16 ዓመት ያልሞላው ልጅ መገጣጠሚያው አብጦ ወይም ተሳስሮ 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ሌላ ምክንያትም ካልተገኘለት፣ የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት ይባላል። መነሻው በውል አልታወቀም። አይተላለፍም፤ ከእርሷ ጋር በአንድ ሳህን የበላ ልጅ አይያዝም። የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ ነው፤ ዘበኛው ሌባውን ትቶ ባለቤቱን እንደ መደብደብ ማለት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት አዘዙላት፤ በየቀኑ ከተዋጠ አደጋ ስለሆነ ቀኑን በግድግዳው መቁጠሪያ ላይ ምልክት እናደርጋለን። ዓይኗንም በየሦስት ወሩ ያዩላታል። ይህ በሽታ ምንም ሳያሳምም ዓይን ውስጥ ገብቶ ብርሃንን ሊጎዳ ይችላልና፣ ምናልባት ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ካለ ይህችን አትርሱ።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ በሽታው ቀን ይመርጣል። ፖሊዮ የያዘው እግር ትናንትም ዛሬም አንድ ነው፤ ሰው ያውቀዋል፣ ይለምደዋል። ይኸኛው ግን አንድ ሳምንት ረግቦ ልጅቱ ገመድ ልትዘል ይዳዳታል፤ በሌላው ሳምንት ይነሣና ከአልጋ እስከ በር መድረስ ያቅታታል። በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ጧትና ከሰዓት በኋላ አይመሳሰሉም። ስለሆነም «ለልጅቱ ምን እንግዛላት?» ብለን ስንነሣ፣ ለየትኛው ቀን ነው የምንገዛው የሚለውን መጠየቅ ነበረብን። ይህን ለማወቅ ግን ብዙ ጊዜ ፈጀብን፤ ስሕተታችንንም ልንነግራችሁ ነው የመጣነው።

የመጀመሪያው ስሕተት በስጦታ የመጣ ነው። በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንድ ደግ ጎረቤታችን ከሟች አባታቸው የቀረ ጥንድ የብብት ክራንች ሰጡን። የረጅም ሰው ነበር። እኛም በመጋዝ ቆርጠን አሳጠርነው፣ ልጅቱም በብብቷ ተንጠልጥላ መሄድ ጀመረች። ደስ አለን! ሳምንት ሳይሞላ ጣቶቼ ደነዘዙ አለች። ክራንች በብብት አይንጠለጠሉበትም ለካ። ከብብት በታች ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት፤ ክብደቱን የሚሸከሙት መዳፎች ናቸው። ብብት ውስጥ ወደ እጅ የሚወርድ ነርቭ አለ፣ እሱ ከተጫኑት እጅ ይደነዝዛል፣ ይዝላልም። ይህን አርመን በመዳፏ ተደግፋ እንድትሄድ ስናደርጋት ደግሞ የእጅ አንጓዎቿ አበጡ። ግራ ገባን። እግሯን ልናሳርፍ ብለን እጇን አሳመምናት።

ያቺ የእጅ አንጓ ነገር እንግዲህ እዚህ ላይ መጣች። ክራንች ማለት የእግርን ሥራ ለእጅ መስጠት ነው። እጁ ጤናማ ለሆነ ሰው፣ እግሩ ለተሰበረ ሰው፣ መልካም ዕቃ ነው። እጁም የታመመ ልጅ ግን ከአንዱ ሕመም ወደ ሌላው መሸጋገሩ ነው። በክርን ላይ በቀለበት የሚያዘው አጭሩ የብረት ክራንችም ያው ነው፤ መዳፍንና የእጅ አንጓን ያሠራል። ለዚህ ነው ቆይቶ ያገኘናት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ገና እግሯን ሳታይ «እስቲ እጄን ጨብጪኝ» ያለቻት። እኛ ልጅቱን ለእግሯ ይዘናት ሄደን ሴትየዋ እጇን ስትመረምር ሥራዋን የማታውቅ መስሎን ተያየን። አሁን ማንም ሰው ስለ እንዲህ ያለ ልጅ ምክር ቢጠይቀን የምንለው ይህንኑ ነው፤ ከእግሩ በፊት እጁን ጠይቁት።

ሁለተኛው ስሕተታችን የመጣው በኮሮናው ጊዜ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጅቱ ቤት ዋለች። ሐኪም ቤት መመላለሱን ፈራን። አሳረፍናት፤ ዕረፍት መድኃኒት ነው ብለን። ትራስ ከጉልበቷ ሥር አደረግንላት፣ እሷም ጉልበቷን አጥፋ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠች። ስድስት ወር ያህል። ትምህርት ቤት ሲከፈት ጉልበቶቿ መዘርጋት እንቢ አሉ፤ ጅማቱ እንደ ተቀመጠችበት አጥሮ ቀረ። በየሳምንቱ ጄሶ እየተለወጠ ጥቂት በጥቂት እስኪዘረጋ ድረስ የደረሰባትን አናወራም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የትራሱን ነገር ስትሰማ ራሷን ይዛ «ትራሱ ነው ያሠራት» አለች።

ከዚህ በኋላ ከሁለታችን አንዳችን ወንበር የሚባል ነገር በቤታችን እንዳይነሣ አልን። «ከተቀመጠች አትነሣም» ነው ነገሩ። ሌላኛችን ደግሞ «ታዲያ እስከ መቼ በጀርባ እናዝላታለን?» እንል ነበር። ይህ ክርክር በቤታችን ሁለት ዓመት ቆየ። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመቷ ሆኖ ትታዘል ነበር፤ የክፍሏ ልጆች ያዩኛል ብላ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ መታዘሉን እንቢ አለች፤ በሽታው በተነሣባት ቀን ከቤት ትቀራለች። በ2015 ዓ.ም. ብቻ 47 ቀን ከትምህርት ቤት ቀርታለች፤ የክፍል ኃላፊዋ መዝገቡን ገልጣ ስታሳየን ነው ያወቅነው። እንግዲህ ወንበሩን ፈርተን ያተረፍነው ይህን ነበር። «እንዳትቀመጥ» ብለን ትምህርቷን አስቀመጥነው።

አሁን በቤታችን ያለውን ዕቃ እንንገራችሁ። ሦስት ነው።

አንደኛው ከዘራ ነው። ለደህናው ቀን ነው፣ አንዱ ጉልበቷ ብቻ ትንሽ ሲያስቸግራት። ልኩ የሚወሰደው ጫማ አድርጋ ቀጥ ብላ ቆማ፣ እጇን ወደ ታች ለቅቃ ነው፤ የከዘራው እጀታ ከእጅ አንጓዋ መስመር ጋር እኩል መሆን አለበት። ያን ጊዜ ስትይዘው ክርኗ በመጠኑ ብቻ ይታጠፋል። እጀታውን ወፍራም አድርገን በጨርቅና በላስቲክ ጠቅልለነዋል፤ ቀጭን ነገር አጥብቆ መያዝ ጣቷን ያሳምማታል። (እርሳሷንም እንዲሁ ጠቅልለነዋል፣ ጽሕፈቷ ተሻሻለ።) ደግሞ ከዘራ የሚያዘው በታመመው እግር በኩል ሳይሆን በደህናው በኩል ባለው እጅ ነው፤ ከታመመው እግር ጋር አብሮ ይወረወራል። እዚህ ከዘራ ይዛችሁ የተቀመጣችሁ አባቶቻችን፣ ይቅርታ አድርጉልንና፣ ከመካከላችሁ አምስት ያህሉ በተሳሳተው እጅ ይዛችሁ ስትገቡ አይተናል። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ በሌላው እጅ ሞክሩት። ደረጃ ሲያጋጥም ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ ከዘራውና የታመመው እግር ይቀድማሉ።

ሁለተኛው ክራንች ነው፤ ግን ሌላ ዓይነት ክራንች። ክብደቱን የሚሸከመው መዳፍ ሳይሆን ክንድ ነው። ከክርን እስከ እጅ አንጓ ያለው ክንድ የሚተኛበት ገበታ የመሰለ ነገር ከላይ አለው፣ ከፊቱ ደግሞ የምትጨብጠው አጭር እጀታ ቆሟል። በየሱቁ ጠይቀን ለልጅ የሚሆን አላገኘንም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በወረቀት ነድፋ ሰጠችን። የእድራችን አባል የሆኑት አናጢ፣ ስማቸው እንዲጠራ አልፈቀዱም፣ ከዋንዛ እንጨት ሠሩት። ሁለት ጊዜ አፍርሰው ነው በሦስተኛው የተሳካላቸው። መጀመሪያ ገበታው ከፍ ብሎ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቀለው፤ ቀጥሎ ዝቅ ብሎ አጎበጣት። ልኩ ቀጥ ብላ ቆማ ትከሻዋን ሳታነሣ ክርኗ እንደ ማዕዘን 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ነው። ገበታው ስፖንጅ ለብሶ በቆዳ ተለጥፏል፤ ማሠሪያው ልል ነው፣ ብትወድቅ እጇ እንዲወጣ። ከባድ ነው፣ አይካድም፤ ፋብሪካ የሠራው ብረት ይቀል ነበር። ግን የእጅ አንጓዋ አላበጠም።

ከሥር ያለው ጎማ ለብቻው አንድ ምዕራፍ ያስፈልገዋል። የኛ ሰፈር መንገድ ኮብልስቶን ነው፣ ጎማውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ጎማው ካለቀ እንጨቱ በዝናብ ቀን ይንሸራተታል፣ ልጅቱ ትወድቃለች። በየወሩ የእድር መዋጮ የምንከፍል ዕለት ገልብጠን እናያለን፤ ጥርሱ ከጠፋ ይለወጣል። ቀኑን ለማስታወስ ይመቸናል ብለን ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሦስተኛው እናንተ ያዋጣችሁበት ወንበር ነው። ልንገዛ ስንሄድ ባለ ሱቁ የዐዋቂ ወንበር አሳየን፤ ርካሽ ነበር። «ያድግበታል» አለን። ለጫማና ለሹራብ እኛም እንዲሁ እንላለንና ልንስማማ ትንሽ ነበር የቀረን። እግዜር ይስጣትና ልጅቱ ራሷ ተቀምጣበት፣ ክርኗ እንደ ክንፍ ወደ ጎን ተከፍቶ እግሯ አየር ላይ ሲንጠለጠል አየነው። መቀመጫው ከዳሌዋ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ጣት ብቻ ሊተርፍ ይገባል። ጥልቀቱ ከጉልበቷ ጀርባ ሁለት ሦስት ጣት ሲቀረው ማለቅ አለበት፤ አለዚያ ጀርባዋ ከመደገፊያው ርቆ ትንሸራተታለች። የእግር ማሳረፊያው ጭኗ መቀመጫው ላይ ተዘርግቶ እንዲያርፍ ሆኖ ይስተካከላል፤ ከፍ ካለ ጉልበቷ ይሰቀላል፣ ዝቅ ካለ ጭኗን ከሥር ይቆርጣታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ስለ ተሽከርካሪ ወንበር ባወጣው መመሪያ፣ ወንበር የሚሰጥ ሰው መለካትና ማስተካከል፣ ተጠቃሚውንም ማሠልጠን እንዳለበት አመልክቷል። እኛ ሳንለካ ልንገዛ ነበር።

በእጅ እየተሽከረከረ የሚነዳውን ባለ ሦስት እግር ለምን አልገዛችሁም ያላችሁን አላችሁ። ለኮብልስቶኑ እሱ ይሻላል፣ እውነት ነው፤ የኛው ወንበር የፊት ጎማዎች ትንንሽ ስለሆኑ በድንጋዩ መካከል ይቀረቀራሉ። ወንድሟ ወደ ኋላ አዘንብሎ በትልልቆቹ ጎማዎች ነው የሚያሻግራት። ነገር ግን ያን የሚነዳው እጅ ነው። መልሱ ያው የእጅ አንጓ ነው። እሷ ምንጊዜም ሰው የሚገፋላት መሆኗን አውቀን ነው የመረጥነው፤ ስለዚህ የሚገፋውንም ሰው ለካን። የመግፊያው እጀታ ለወንድሟ ወገብ ልክ ነው።

ወንበሩ ቤት ውስጥ አይገባም። ይህ ከሁለታችን ክርክር የወጣ ስምምነት ነው። በረንዳው ላይ ይቀራል። ለሩቅ መንገድ ነው፤ ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለቀብር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግማሽ ሰዓት በሆዷ ምንጣፍ ላይ ተኝታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ ወንበሩ ያጠፈውን ጉልበትና ዳሌ ይዘረጋልና። ማታ ትራስ ከጉልበት ሥር ክልክል ነው። በቤታችን ያለው ትልቁ ሕግ ይህ ነው፣ እንግዳም ቢሆን አይጥሰውም።

ምርጫው የማን ነው? መጀመሪያ እኛ ነበርን የምንመርጥላት። እየቆየ ግን ራሷ ከኛ በተሻለ እንደምታውቅ ገባን። አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷን ይዛለች። ጧት ከአልጋዋ ወርዳ ጓዳ ድረስ ደርሳ ትመለሳለች፤ ከዚያ ቀኑን ትሰይመዋለች። የከዘራውን ቀን «የአያት ቀን» ትለዋለች፤ የክራንቹን «የአናጢው ቀን»፤ የወንበሩን «የእቴጌ ቀን»። ከዘራ ሳይቀር ጥላ የምትሄድበት ቀንም አለ፣ እሱ ስም የለውም። ምንም ስም ያልሰጠችውን ቀን ስናይ ምን ያህል ደስ እንደሚለን ልንነግራችሁ አንችልም። ታዲያ ያን ቀን ነው ሰው «ትሄዳለች አይደል?» የሚለው።

በ2016 ዓ.ም. ከትምህርት ቤት የቀረችው 9 ቀን ነው። ክፍሏ ፎቅ ላይ ነበር፤ ጠይቀን ወደ ምድር ቤት አወረዱላት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ደንግጎ ነበር፤ ግን እኛ አዋጅ አልጠቀስንም፣ ዳይሬክተሩን ለምነን ነው። አንዳንድ ጊዜ ይህ ይቀላል። መጸዳጃ ቤቱ ግን እስካሁን ችግር ነው፤ ቁጢጥ ማለት ስለማትችል አናጢው መሐሉ የተከፈተ ወንበር ሠርተው እዚያ አስቀምጠናል፣ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ተገኝቷል።

አሁን ወደዚያ የልቅሶ ቀን እንመለስ። ያረፉት ጎረቤታችን ልጅቱን በታመመች ጊዜ እየመጡ ጠጉሯን የሚሠሩላት እናት ነበሩ። ከቤታችን እስከ ድንኳኑ በወንበር ነው የሄደችው፤ ከድንኳኑ ጀርባ ወንበሩን አቁማ፣ «የእማማን ንፍሮ እኔ ነኝ የማዞረው» ብላ ተነሣች። አልከለከልናትም። ሁለት ሰዓት ያህል ቆመች። በማግሥቱ ቁርጭምጭሚቷ ጫማ አልገባ ብሎ አብጦ ዋለ፣ በሦስተኛው ቀን በወንበር ትምህርት ቤት ሄደች። ያያችሁት ሁለቱም እውነት ነው። ያላያችሁት መሐሉን ቀን ነው።

ስለ ገንዘቡ ሒሳቡ ይህ ነው። ወንበሩ 12,800 ብር፤ የእግር ማሳረፊያውን በብየዳ ለማስተካከል፣ ለስፖንጅና ለሸራ 1,450 ብር፤ ለክንድ ክራንቹ እንጨትና ቆዳ 900 ብር፣ አናጢው የእጅ ዋጋ አልተቀበሉም፤ ለመለወጫ ጎማዎች 250 ብር። ድምሩ 15,400 ብር ይሆናል። ቀሪውን 1,000 ብር ለገንዘብ ያዡ መልሰን ደረሰኝ ተቀብለናል። ደረሰኞቹ ሁሉ በጸሐፊው እጅ ናቸው፣ ማየት የሚፈልግ ይይ።

አንድ ሐሳብ አቅርበን እንጨርሳለን። ይህ እድር የማንን ሞት የማያውቅ ነው? በየቤቱ ሟች ትቶት የሄደ ከዘራ፣ ክራንች፣ አንዳንዱ ጋ ወንበር ጭምር፣ ከበር ኋላ ቆሞ አቧራ ይጠጣል። ቤተሰቡ ሊጥለው ያዝናል፣ ሊያየውም አይወድም። ከሰባራው ብረት ድስትና ከትርፉ ካስማ ጎን በግምጃ ቤታችን አንድ ጥግ ቢሰጠውና ንብረት ያዡ በመዝገብ ቢያስገባው፣ ለተቸገረ አባል በውሰት ሊሰጥ ይችላል። ግን እባካችሁ በኛ እንደ ደረሰው ሳይለካ አይሰጥ። ጎማው ይታይ፣ ብሎኑ ይጠበቅ፣ እንጨቱ የተሰነጠቀ ይጣል። ለልጅ ከሆነ ደግሞ በመጋዝ ከመቁረጥ በፊት ባለሙያ ዘንድ ይወሰድ። በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው አለርት የአካል ድጋፍ መሥሪያ ክፍል ያለው ነው፤ ጥቁር አንበሳ የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለ፤ መናገሻ ያለው የቼሻየር ማዕከልም ከፖሊዮው ዘመን ጀምሮ በልጆች ላይ የሠራ ነው። ጠይቆ መሄድ ነው። ኮሚቴው ከተስማማ ለመጀመሪያው መዝገብ የሚሆን የልኬት ሜትርና ያንኑ የተቆረጠ ክራንች ይዘን መጥተናል፤ ክራንቹ ለሰባት ዓመት ልጅ እንጂ ለሌላ አይሆንም፣ እጁ ጤናማ ለሆነ።

ወንበሩንም እናስረክባለን። የእድሩ ንብረት እንደሆነ ከኋላው በቀለም ጽፈንበታል። አሁን ግራና ቀኝ አንድ ጣት ይገባል፤ በዚህ ዓመት ቁመት ጨምራለች። ጣት አልገባ ሲል እናመጣዋለን።